ትልቁ የአክሱም ሐውልት ይነሳ ወይስ እንደወደቀ ይቅር?

አወያይ፦ የዛሬው መከራከሪያ ይሄ ነው። አክሱም ላይ ወድቆ የተሰባበረው፣ 33 ሜትር ገደማ ርዝመትና 520 ቶን ያህል ክብደት ያለው ትልቁ ሐውልት ተገጣጥሞ ይቁም ወይስ ባለበት ይቅር? ስድብ የለም፤ ማስረጃ ያለው ይግባ።

ጎበድራ፦ ይቁም። ከሮም የመጣው 24 ሜትሩም ተቆራርጦ ነው የመጣው። በሚያዝያ 2005 እ.ኤ.አ. በአንቶኖቭ አውሮፕላን በሦስት ምልልስ ገባ፣ በ2008 ቆመ። ለሱ የተቻለው ለዚህ የማይቻለው ለምንድን ነው? ነገሥታት ዘውድ የጫኑበትን ቦታ ፍርስራሽ አድርጎ ማስጎብኘት ያሳፍራል።

ባለ ውሃልኩ፦ ወንድሜ፣ ንጽጽሩ አያስኬድም። የሮሙ 150 ቶን ቢጠጋ ነው፤ ለሦስት ሲከፈል አንዱ ቁራጭ በአማካይ 50 ቶን። የብረት ማማ ተሠርቶለት መጀመሪያ እግሩ ገባ፣ ቀጥሎ ወገቡ፣ በመጨረሻ ራሱ። ቁራጮቹን ያያያዛቸው ድንጋዩ ተቦርቡሮ የገባ የኬቭላር ዘንግ ነው። ብረት ቢሆን ይዝጋል፣ ሲዝግ ያብጣል፣ ሲያብጥ ድንጋዩን ከውስጥ ይሰነጥቀዋል። እዚህ ግን ክብደቱ ከሦስት እጥፍ በላይ ነው። ከክብደቱም በላይ የሚያሳስበኝ መሠረቱ ነው። ከ33 ሜትር ውስጥ መሬት ሊገባ የታሰበው ከ3 ሜትር ያነሰ ነበር፤ አንድ አስረኛ እንኳ አይሞላም። ዘጠኝ ሜትር የመብራት እንጨት እንኳ ሜትር ተኩል ይቀበራል!

ድርሳን፦ ጎበድራ፣ አንድ ነገር ላርምህ። ነገሥታት ሐውልቱ ስር አልነገሡም። ሐውልቶቹ የመቃብር ምልክቶች ናቸው፤ ለዚህ ነው ከታች መዝጊያው ሳይቀር ተቀርጾ የማይከፈት በር ያላቸው፣ ከእግራቸው ስር ባለው ንጣፍ ድንጋይ ላይም ጽዋ መሳይ ጎድጓዶች የሚታዩት። የንግሥ ሥርዓቱ ይፈጸም የነበረው ጽዮን ማርያም ግቢ፣ በድንጋይ መንበሮቹ ዘንድ ነው። የንግሥና መንበር መትከልማ ጥንትም ነበር፤ ኢዛና ድሉን ባስጻፈበት ድንጋይ ላይ መንበር መትከሉን ይናገራል።

ጎበድራ፦ ሥርዓቱ ከተማዋን ሁሉ የሚያካትት አልነበረም እንዴ?

ድርሳን፦ ነበር። ንጉሡ መብተከ ፈትል (ፈትል መበጠሻ) የሚባለው ቦታ ሲደርስ ደናግሉ መንገዱን በፈትል ይዘጉበታል፣ «ማን ነህ?» ይሉታል፤ ሁለት ጊዜ ከልክለውት በሦስተኛው ፈትሉን በሰይፍ በጥሶ ያልፋል። ዘርዐ ያዕቆብ በ1436 እ.ኤ.አ. ሲነግሥ የትግራይ ገዥና የአክሱም ሹም ግራና ቀኝ ሆነው የወይራ ዝንጣፊ ያወዛውዙ ነበር፤ በተነጠፈው ምንጣፍ ላይ ወርቅ ተበትኗል። ዮሐንስ 4ኛም በ1872 እ.ኤ.አ. እዚያው ነው የተቀቡት። ምኒልክ ግን በእንጦጦ። በዚህ ሁሉ ውስጥ የወደቀው ሐውልት ድርሻ የለውም። ስለዚህ «የንግሥና ክብር ይመለስ» የሚለው መከራከሪያ ለሐውልቱ አይሠራም። እውነት ክብሩ ካሳሰበን ስለ መንበሮቹ እናውራ፤ ዝናብና ፀሐይ የሚፈራረቅባቸው እነሱ ናቸው።

ጎበድራ፦ እሺ፣ በንግሥናው ተረታሁ። ግን ስለ ቅርስ ጥገና የወጣው የ1964ቱ (እ.ኤ.አ.) የቬኒስ ቻርተር እኮ ያሉ ቁራጮችን መልሶ መገጣጠምን ይፈቅዳል። አዲስ ድንጋይ ጨምሩ አላልኩም።

ድርሳን፦ ይፈቅዳል፤ የሚፈቅደው ግን የነበረውን መመለስ ነው። አብዛኞቹ አጥኚዎች እንደሚሉት ይሄ ድንጋይ ሲተከል ወይም እንደተተከለ ነው የወደቀው። ስለዚህ እናንተ የምትሉት ጥገና አይባልም፤ የጥንቶቹ ጀምረው ያልተሳካላቸውን ሥራ እኛ በሲሚንቶ እንጨርስላቸው ማለት ነው። አወዳደቁ ራሱ ሰነድ ነው። የሐውልቱ ጫፍ ያረፈው ነፋስ ማውጫ በሚባለው መቃብር ላይ ነው። የመቃብሩ ክዳን ከ17 ሜትር በላይ ርዝመት፣ ከ6 ሜትር በላይ ስፋት ያለው፣ 360 ቶን ገደማ የሚመዝን አንድ ድንጋይ ነው፤ እሱንም ይዞት ወረደ። ቁራጮቹን ካነሳችኋቸው ይህ ታሪክ ይጠፋል።

ባለ ውሃልኩ፦ ይሄን ላጠናክር። ለ520 ቶን የሚበቃ የኮንክሪት መሠረት ጥልቅና ሰፊ ቁፋሮ ይፈልጋል። ቦታው ደግሞ ባዶ አፈር አይደለም። ከሮም የመጣው ሁለተኛው ሐውልት ከመተከሉ በፊት መሬቱ በመሣሪያ ሲመረመር ያልታወቁ የምድር ውስጥ ክፍሎች ተገኝተዋል፤ የተከላው ጊዜ ከተራዘመበት ምክንያት አንዱ ይሄ ነው። (ሐውልቶቹን ዝሆን ጎትቶ አመጣቸው የምትሉትን ግን ተዉት፤ ድንጋዩ በተፈለጠበት ጎበድራ ኮረብታ ላይ የምናየው የሽብልቅ ቀዳዳ እንጂ የዝሆን ዱካ አይደለም።)

ጎበድራ፦ ስሜን ይዘህ ዝሆኑን በኔ አታላክክ፣ እኔ አላልኩም! 😄 ቆሞ ያለው ሦስተኛውስ? በሽቦ ገመድ ታስሮ ዘሞ ቆሟል። እሱም «ታሪክ ነው» ተብሎ ይተው?

ባለ ውሃልኩ፦ አይተውም፣ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው። የወደቀው ከዚህ በላይ አይወድቅም፤ የዘመመው ግን ሊወድቅ ይችላል። ገመዱ የታሰረው በ2008ቱ ተከላ ወቅት መሬቱ ሲንቀጠቀጥ እንዳይናጋ ነው እንጂ ዘላቂ መፍትሔ እንዲሆን አይደለም። የምጠይቃቸው ሦስት ነገሮች ናቸው፦ ዘመሙ በየወሩ በመሣሪያ ይለካ፣ የክረምት ውሃ ከእግሩ የሚርቅበት ቦይ ይቆፈር፣ የገመዱ መያዣ ድንጋዩን በሚነካበት ቦታ መፋቅ መኖሩ ይታይ። ጀርባው ያልተቀረጸ ስለሆነ እዚያ ያለው ጭረት በቀላሉ ሊያልፈን ይችላል።

ጎበድራ፦ ትልቁን በቦታው ተዉት፣ ተስማማሁ። ግን ቁራጩ ላይ የሚወጣውን ጎብኚ ማን ይከልክለው? ፎቶ ለመነሳት ጫማውን ቅርጹ ላይ የሚያፋትገው ብዙ ነው።

ድርሳን፦ እሱ ላይ ካንተ ጋር ነኝ። ሁለት ሜትር ራቅ ያለ አጥርና ከላይ የሚያሳይ መረማመጃ ቢሠራ ይበቃል፤ አጥሩ ግን መሬት ሳይቆፈር፣ በክብደት ብቻ የሚቆም ይሁን።