ጥቆማ፦ ኢንቴክ የጨመረውን ፈረስ ጉልበት በምን እንለካ? የትኛውንስ እንግዛ?

የስፖርት መኪና የያዘ ሰው ቶሎ ከሚቀይራቸው ነገሮች አንዱ ኢንቴክ፣ ማለትም አየር ወደ ሞተሩ የሚያስገባው ቱቦ እና ፊልትሮ ነው። መግጠሙ ቀላል ነው፣ ድምፁም ወዲያው ይለወጣል። ካርቶኑ ላይ ደግሞ «እስከ 20 ፈረስ ጉልበት» የሚል ጽሑፍ ይኖራል። ድምፅ ሲጎላ መኪናው የፈጠነ ይመስላል። ስለዚህ በጆሮ መፍረድ አይቻልም፣ መለካት ያስፈልጋል።

ግን በምን? ጥሩ ኢንቴክ 300 ፈረስ ጉልበት ባለው፣ ቱርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) በሌለው ሞተር ላይ ከ5 እስከ 10 ፈረስ ጉልበት ቢሰጥ ደህና ነው። ይህ ከ2 እስከ 3 በመቶ ገደማ ማለት ነው። በደንብ የተያዘ ዳይኖ (የመኪና ጉልበት መለኪያ ማሽን) እንኳ ያንኑ መኪና ደጋግሞ ሲለካ 1 ወይም 2 በመቶ ይለዋወጣል። የምንፈልገው ጭማሪ እና የመለኪያው መዋዠቅ ጎን ለጎን ናቸው። ለዚህ ነው ከዕቃው በፊት መለኪያውን ምረጡ የምለው።

የመጀመሪያ ጥቆማዬ ብዙ ሰው የማያስበው ነው፦ ማኖሜትር፣ የአየር ግፊት ልዩነት መለኪያ። ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት፣ ፋብሪካው የሠራው ኢንቴክ እንደተገጠመ፣ ከፊልትሮው በኋላ ከትሮትል ቦዲው (ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር ከሚከፍተውና ከሚዘጋው በር) በፊት ያለውን የአየር ግፊት ለኩ። አንደኛውን ቀጭን ቱቦ እዚያ ታስገባላችሁ፣ ሌላኛው ለውጭው አየር ክፍት ይሆናል። ከዚያ ነዳጁን እስከ ታች ረግጣችሁ፣ ሞተሩ ከፍተኛ ዙር ላይ ሲደርስ የግፊቱን ልዩነት ታያላችሁ። ዲጂታል ካላገኛችሁ ውሃ ያለበት ዩ ቅርጽ ቱቦም ይሠራል፤ 10 ሴንቲ ሜትር የውሃ ልዩነት 1 ኪሎ ፓስካል ገደማ ነው። ንባቡን የሚይዝ ሰው ግን አብሯችሁ ይሁን፣ ነጂው ዓይኑን ከመንገድ አያንሳ። ውሃው ደግሞ ወደ ሞተሩ እንዳይሳብ ቱቦው በቂ ርዝመት ይኑረው።

ይህ ቁጥር ለምን ይጠቅማል? በባሕር ጠለል ላይ የአየር ግፊት 101 ኪሎ ፓስካል ገደማ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚስበው አየር ከዚህ ግፊት ጋር ይሄዳል። የፋብሪካው ኢንቴክ የሚያባክነው 3 ኪሎ ፓስካል ብቻ ከሆነ፣ እንቅፋቱን ሙሉ በሙሉ ብታነሱት እንኳ የምታገኙት 3 በመቶ ገደማ ነው። በ300 ፈረስ ጉልበት ሞተር 9 ማለት ነው። ግን ምንም እንቅፋት የሌለው ኢንቴክ የለም። አዲሱ ግማሹን ካነሳ ወደ 4 ወይም 5 ትወርዳላችሁ። ቱቦው ላይ 1 ኪሎ ፓስካል ብቻ ካያችሁ፣ ለጉልበት ብላችሁ ኢንቴክ አትግዙ። ፋብሪካው ሥራውን ሠርቶላችኋል። ከፍ ያለ ቦታ የምትነዱ ከሆነ የአካባቢያችሁን የአየር ግፊት ተጠቅማችሁ አስሉት።

ከዚህ ስሌት የሚያመልጥ ነገር አለ፣ መናገር አለብኝ። የቱቦው ርዝመት እና ስፋት የአየሩን ሞገድ ይለውጣል። አንዳንድ ኢንቴክ በተወሰነ ዙር ላይ ሞገዱ እየገፋለት ከግፊት ልዩነቱ በላይ ይሰጣል፤ ሌላ ዙር ላይ ደግሞ ይቀንሳል። ፋብሪካው ቱቦው ላይ የሚለጥፋቸው ባዶ የሚመስሉ ሳጥኖች ለድምፅ ብቻ ላይሆኑ ይችላሉ። ስለዚህ ጫፍ ላይ ያለውን አንድ ቁጥር ሳይሆን ከታች እስከ ላይ ያለውን መስመር ሙሉ እዩ። 7,000 ዙር ላይ 6 ጨምሮ 3,500 ላይ 8 የቀነሰ ኢንቴክ ከተማ ውስጥ ለሚነዳ ሰው ኪሳራ ነው።

ወደ ዳይኖ እንሂድ። ሦስት ዓይነት ታገኛላችሁ።

ዳይኖጄት በመሠረቱ ከባድ ሲሊንደር ነው። ጎማው ሲሊንደሩን ያሽከረክራል፤ ምን ያህል በፍጥነት እንዳሽከረከረው ታይቶ ጉልበቱ ይሰላል። ቀላል ነው፣ የሚበላሽ ነገር ብዙም የለውም፣ ውጤቱም ተደጋጋሚ ነው። ድክመቱ ሩጫው፣ ማለትም አንዱ ልኬት፣ በጣም አጭር መሆኑ ነው። ቱርቦ ያለው መኪና መንገድ ላይ የሚሸከመውን ያህል ጭነት ላያገኝ ይችላል።

መስታንግ ዳይኖ ብሬክ አለው። በኤሌክትሪክ ኃይል ሲሊንደሩን እየያዘ ሞተሩን ያስጨንቃል። ለተመሳሳይ መኪና ብዙ ጊዜ ከዳይኖጄት ዝቅ ያለ ቁጥር ይሰጣል። በዚህ አትደንግጡ። መኪናው አልደከመም፣ መለኪያው ነው የተለየው። አንዱ ላይ «በፊት» ሌላው ላይ «በኋላ» የለካ ሰው ግን ምንም አልለካም።

ዳይናፓክ ጎማውን አውልቆ በቀጥታ ጎማው ከሚታሰርበት ሀብ ጋር ይታሰራል። የጎማ መንሸራተት፣ የጎማ ነፋስ፣ የማሰሪያው ጥብቀት የሚባሉት ጣጣዎች ሁሉ ይቀራሉ። ለኢንቴክ ዓይነት ትንሽ ጭማሪ የእኔ ምርጫ ይህ ነው። እንደ ልብ አይገኝም እንጂ ካገኛችሁት ሌላ አትፈልጉ። ካላገኛችሁ ባለ ብሬኩን፣ እሱም ከሌለ ዳይኖጄትን ውሰዱ። በጥንቃቄ የተያዘ ዳይኖጄት በግዴለሽነት ከሚሠራበት ዳይናፓክ ይሻላል።

ስለዚህ ከማሽኑ ይልቅ ባለሙያውን መርምሩ። ቤቱን ስትመርጡ የምትጠይቁት ይህን ነው። ያልተስተካከለውን ጥሬ ፋይል ይሰጣችኋል? የትኛውን ማስተካከያ (የዕለቱን የአየር ሙቀትና ግፊት የሚያካክስ ስሌት) ይጠቀማል? ኤስኤኢ ጄ1349 የሚባለው ደረጃ ውጤቱን ወደ 25 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ እና 99 ኪሎ ፓስካል ደረቅ አየር ይመልሳል። «ኤስቲዲ» የሚባለው የድሮ ማስተካከያ ደግሞ ለዚያው ሩጫ 4 በመቶ ገደማ ከፍ ያለ ቁጥር ያሳያል። «በፊት»ን በአንዱ «በኋላ»ን በሌላው ያተመ ወረቀት 300 የነበረውን 312 ያደርገዋል፤ አንዲት ብሎን ሳትፈታ። የመስመሩ ማለስለሻም በሁለቱም ወረቀት ላይ አንድ ዓይነት መሆን አለበት።

የኮፈኑን ነገር ሳትጠይቁ እንዳትወጡ። ብዙ ቦታ ኮፈኑን ከፍተው ትልቅ ማራገቢያ ፊት ለፊት ያቆማሉ። ሞተሩ ክፍል ውስጥ ክፍት ፊልትሮ ያለው ኢንቴክ በዚህ ሁኔታ ቀዝቃዛ አየር በነፃ ያገኛል። መንገድ ላይ ግን ኮፈኑ ዝግ ነው፣ የሚስበውም ከሞተሩ የሚወጣውን ትኩስ አየር ነው። አየር በ3 ዲግሪ ሲሞቅ ጥግግቱ 1 በመቶ ገደማ ይወርዳል። በ25 ፋንታ 45 ዲግሪ የሆነ አየር 6 በመቶ ገደማ ይሳሳል። ጉልበቱ በዚያው ልክ ባይወርድም፣ ኢንቴኩ የሰጠውን መልሶ ለመውሰድ ይበቃል። በዚያ ላይ አየሩ ሲሞቅ ኮምፒውተሩ የካንዴላውን እሳት ያዘገያል። ስለዚህ ኮፈን ተዘግቶ ይለካ። እምቢ ካሉ ሌላ ቤት ሂዱ።

አለካኩ ይህን ይምሰል። በፋብሪካው ኢንቴክ ቢያንስ ሦስት ሩጫ። ከዚያ አዲሱ ይገጠምና መኪናው ትንሽ ይነዳ፣ የሞተሩ ኮምፒውተር ነዳጁን እንዲያስተካክል። ተመልሶ ሦስት ሩጫ። ከዚያ የፋብሪካው ይመለስና እንደገና ይለካ። ይህን የመጨረሻውን ሁሉም ሰው ይዘለዋል፣ እኔ ግን ከሁሉም የምወደው እሱን ነው። የፋብሪካው ሁለተኛ ውጤት ከመጀመሪያው ጋር ከገጠመ፣ መሀል ላይ ያየነው ጭማሪ የኢንቴኩ ነው። የፋብሪካውም አብሮ ከፍ ካለ፣ የጨመረው ዘይቱ ወይም ጎማው ስለሞቀ፣ ወይም አየሩ ስለተለወጠ ነው። ሁሉም በአንድ ቀን፣ በአንድ ነዳጅ፣ በአንድ የጎማ ንፋስ፣ በአንድ ማርሽ ይሁን። ማርሹ ለ1 ለ1 የቀረበው፣ ማለትም ሞተሩ አንድ ሲዞር ከማርሽ ሳጥኑ የሚወጣውም አንድ ገደማ የሚዞርበት፣ ቢሆን ይመረጣል። እያንዳንዱ ሩጫ ሲጀመርም የውሃው፣ የዘይቱ እና የሚገባው አየር ሙቀት ይመዝገብ። ቤቱ በሩጫ ብዛት ሳይሆን በሰዓት የሚያከራይ ከሆነ ይህ ሁሉ በጣም ይቀልላል።

ዳይኖ ለማያገኝ ሰው ድራጊ እና ቪቦክስ የሚባሉት የጂፒኤስ መለኪያዎች አሉ። ድራጊ ትንሽ ነው፣ ከስልክ ጋር ይሠራል፣ ለአብዛኛው ሰው ይበቃል። ቪቦክስ የውድድር ሰዎች የሚያምኑት ነው። ከ0 እስከ 100 ኪሎ ሜትር በሰዓት አትለኩ፤ እዚያ ውስጥ የሚለካው የጎማ መያዝ እና የነጂው የፍሪሲዮን አለቃቀቅ ነው። ከ100 እስከ 150 ይሻላል፣ በአንድ ማርሽ ከተቻለ። 1,500 ኪሎ የሚመዝን መኪና ከ100 ወደ 150 ሲደርስ 723 ኪሎ ጁል ገደማ ያስፈልገዋል። ይህን በ5 ሰከንድ ከጨረሰ በአማካይ 194 ፈረስ ጉልበት ለፍጥነቱ ብቻ አውሏል፤ ነፋሱን ለመግፋት የሄደው ከዚህ ውጭ ነው። 3 በመቶ ጭማሪ ከ5 ሰከንዱ ላይ 0.15 ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ይቀንሳል። መሣሪያው ይህን ማየት ይችላል። መንገዱ ግን ያታልላል። 1 በመቶ ብቻ ዳገት ለዚሁ መኪና በ125 ኪሎ ሜትር ፍጥነት 7 ፈረስ ጉልበት ይበላል። የፈለጋችሁት ጭማሪ እዚያው ተውጦ ይቀራል። ስለዚህ በሁለቱም አቅጣጫ ሩጡና አማካዩን ውሰዱ። ነፋስ ባለበት ቀን አትድከሙ፣ የነዳጁም መጠን ተመሳሳይ ይሁን። ይህ ደግሞ ለሕዝብ መንገድ የሚሆን ሥራ አይደለም፤ የተዘጋ ትራክ ይፈልጋል።

ኦቢዲ (የመኪናው ኮምፒውተር መመርመሪያ ሶኬት) ላይ የሚሰካ መሣሪያ ለጉልበት መለኪያ አልመክርም። ስልኩ ላይ የሚወጣው ፈረስ ጉልበት ብዙ ጊዜ ከአየር ሴንሰሩ ንባብ የተሰላ ነው። አዲሱ ኢንቴክ ሴንሰሩ የሚቀመጥበትን ቱቦ ካሰፋ ወይም ካጠበበ ንባቡ ራሱ ይሳሳታል፣ ሞተሩ ምንም ሳይለወጥ ቁጥሩ ይለወጣል። ለሌላ ነገር ግን ግዴታ ነው እላለሁ፦ የነዳጅ ማስተካከያውን፣ ኮምፒውተሩ ነዳጁን በስንት በመቶ እንደጨመረ ወይም እንደቀነሰ፣ ለማየት። ከገጠማችሁ በኋላ የአጭር እና የረጅም ጊዜው ማስተካከያ ተደምሮ በ5 በመቶ ውስጥ ከሆነ ጥሩ ነው። ከ10 ካለፈ ቱቦው አየር ያስገባል ወይም ኢንቴኩ ቱኒንግ (የሞተሩን ኮምፒውተር እንደገና ማስተካከል) ይፈልጋል። ነዳጅ ያነሰው ሞተር ጥቂት ፈረስ ጉልበት ጨምሮ ሊያሳይ ይችላል። የሚያቃጥለው ግን ፒስተን ነው። ዳይኖ ላይ የነዳጅ እና የአየሩን ድብልቅ በዋይድባንድ (ጭስ ማውጫው ላይ በሚገጠም የኦክስጅን ሴንሰር) አብረው ይለኩላችሁ።

አሁን ዕቃው። ቱርቦ ለሌለው መኪና፣ ማኖሜትሩ ብዙ ብክነት ካላሳየ፣ የፋብሪካው ሳጥን ውስጥ የሚገባውን ፊልትሮ ብቻ ቀይሩ። ሲለካ ግን ከአሮጌው ጋር ሳይሆን ከአዲስ የወረቀት ፊልትሮ ጋር ይወዳደር። በአቧራ የተሞላ ፊልትሮ አውጥቶ አዲስ ጥጥ አስገብቶ «ጨመረ» ማለት ፍርድ አይሆንም። የጥጡን ዓይነት፣ ለምሳሌ ኬ ኤንድ ኤን፣ የምትወስዱ ከሆነ ስታጥቡት ዘይቱን አታብዙ። የበዛው ዘይት ሴንሰሩ ላይ ሄዶ ይለጠፋል። አቧራ የበዛበት ቦታ የምትነዱ ከሆነ ዘይት የማይፈልገውን ደረቁን፣ እንደ ኤኢኤም ድራይፍሎው ያለውን፣ እመርጣለሁ። ሻጩን በአይኤስኦ 5011 (የአየር ፊልትሮ መፈተሻ ደረጃ) የተሠራ የአቧራ ፍተሻ ውጤት ጠይቁ። አየር በቀላሉ ማሳለፍ ብቻ ከሆነ የሚፈለገው፣ ባዶ ቱቦም ያሳልፋል።

ማኖሜትሩ 3 ኪሎ ፓስካል እና ከዚያ በላይ ካሳየ ሙሉ ኢንቴክ ያዋጣል። የተዘጋ ሳጥን ያለውን፣ አየሩን ከፊት ለፊት የሚስበውን ምረጡ። ከመከላከያው ሥር ወርዶ የሚስበው ረጅሙ ቱቦ ጥሩ ቀዝቃዛ አየር ያገኛል፣ ጎርፍ በሚይዝ መንገድ ላይ ግን ውሃ ወደ ሞተሩ ሲሊንደር ሊያስገባ ይችላል። ዝናብ በሚበዛበት አካባቢ አልደፍረውም። ክፍቱን አጭር ኢንቴክ ድምፅ ለሚወድ ሰው ብቻ ነው የምጠቁመው፣ ድምፁ በእርግጥም ደስ ይላል።

ቱርቦ ላለው መኪና ነገሩ ይለያል። ከቱርቦው በፊት 5 ኪሎ ፓስካል ከባከነ፣ 200 ኪሎ ፓስካል ላይ ለመድረስ ቱርቦው 1.98 እጥፍ መጭመቅ ሲገባው 2.08 እጥፍ ይጨምቃል፣ አየሩም የበለጠ ይሞቃል። እንቅፋቱ ሲነሳ ቱርቦው ቶሎ ይነሳል። ነገር ግን ኮምፒውተሩ የተወሰነ ግፊት ወይም ቶርክ (የማዞር ኃይል) ላይ እንዲቆም ስለታዘዘ፣ ያለ ቱኒንግ ጫፉ ላይ ብዙም ላታዩ ትችላላችሁ። ጭማሪውን መሀል ዙር ላይ እና ግፊቱ የሚሞላበት ጊዜ ላይ ፈልጉት። የኤስኤኢው ማስተካከያም ቱርቦ ላይ ያጋንናል፣ ቱርቦው የሳሳውን አየር ራሱ ስለሚያካክስ። ጥሬውን ቁጥር አወዳድሩ። ቱኒንግ ለማድረግ የምታስቡ ከሆነ ደግሞ ኢንቴኩ መጀመሪያ ይገጠም፣ ቱኒንጉ በእሱ ላይ ይሠራ። ሁለቱ በአንድ ቀን ከተሠሩም በየመሀላቸው አስለኩ፣ የየትኛው ምን ያህል እንደሆነ ለይታችሁ እንድታውቁ።

ሻጩ ራሱ ለካሁ የሚላችሁን ወረቀት ስታዩ ሦስት ነገር ፈልጉበት፦ ማስተካከያው፣ የሁለቱም ሩጫዎች የአየር ሙቀት፣ እና ስንት ሩጫ እንደሆነ። አንድ «በፊት» እና አንድ «በኋላ» ብቻ ያለበትን አልቀበልም። ኢንቴኩን ለመግጠም እና ለመለካት አንድ ቤት ከሆነ የሚሠራው፣ ልኬቱን ሌላ ቦታ አሠሩ።