ቲንክፓድ ቲ480 ላይ ራም ለመጨመር የትኛው ይገጥማል?

የማታ_ተማሪ፦
ሰላም ለቤቱ። ቲንክፓድ ቲ480 ነው ያለኝ። ፕሮሰሰሩ ኮር አይ5-8250ዩ፣ ራሙ አንድ ፍሬ 8 ጂቢ፣ ዲስኩ ኤስኤስዲ። አንድሮይድ ስቱዲዮ (የስልክ አፕ መሥሪያው) እና ክሮም አብረው ሲከፈቱ ሜሞሪው ከ90 በመቶ በላይ ይሞላና ማሽኑ ይንቀራፈፋል። ነባሩ ራም ላይ «8ጂቢ 1አርኤክስ8 ፒሲ4-2400ቲ-ኤስኤ1-11» ይላል። መርካቶ ያለ ሻጭ ሦስት ያገለገሉ ራሞች አሳይቶኛል፦ 8 ጂቢ ፒሲ3ኤል-12800፣ 8 ጂቢ ፒሲ4-2400ቲ እና 16 ጂቢ ፒሲ4-3200ኤኤ። «ሁሉም ይሠራል» ነው የሚለው። የትኛውን ልውሰድ? ከነባሩ ጋር ፍጥነቱ ባይመሳሰልስ ችግር አለው?

ካቻቢቴ፦
ሁሉም አይሠራም። ፒሲ3ኤል-12800 ማለት ዲዲአር3ኤል-1600 ነው (ዲዲአር ከነቁጥሩ የራም ትውልድ ነው፤ ፒሲ4 የሚለው ዲዲአር4 ነው)፤ ያንተ ማሽን የሚቀበለው ዲዲአር4 ብቻ ነው። ሰው የሚሳሳተው መጠናቸው በዓይን ሲታይ አንድ ስለሚመስል ነው። የላፕቶፕ ዲዲአር3 204 ፒን (የብረት ጥርስ) አለው፣ ዲዲአር4 260፣ ዲዲአር5 262፤ ከታች በኩል ያለው ቁርጥም ቦታው ይለያያል። ቮልቴጁም እንደዚያው ነው፤ ዲዲአር3ኤል 1.35፣ ዲዲአር4 1.2፣ ዲዲአር5 1.1። ራሙ አልገባ ሲል በጉልበት ከተገፋ የሚሰበረው ስሎቱ (ራሙ የሚሰካበት ቦታ) ነው። ስሎት መቀየር ደግሞ ማዘርቦርድ ላይ ብየዳ ይጠይቃል።

ሁለቱ ፒሲ4ዎች ግን ይገጥማሉ። የፍጥነቱ ነገር አያስጨንቅህ። የ8250ዩ ጣሪያ 2400 ስለሆነ 3200 የሚለውም ወደ 2400 ወርዶ ይሠራል። ፍጥነታቸው የተለያየ ራሞች አብረው ሲገቡ ማሽኑ ሁለቱም በሚችሉት ፍጥነት ያስኬዳቸዋል።

ለአንድሮይድ ስቱዲዮ 16ቱን ውሰድ። ከነባሩ ጋር 24 ጂቢ ይሆንልሃል። ኢንቴል ለዚህ ፕሮሰሰር ያስቀመጠው ጣሪያ 32 ጂቢ ነው፣ ገና ቦታ አለህ።

ከመክፈልህ በፊት የማሽኑን ስም ከታች ካለው ተለጣፊ ላይ ደግመህ አንብብ። ቲ480 ሁለት ስሎት አለው። ቲ480ኤስ ግን አንዱ ራም ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ ነው፣ ስሎቱም አንድ ብቻ ነው። በአንዲት ፊደል ምክንያት ስንት ሰው የማይገባ ራም ገዝቷል። ባዶ ስሎት መኖሩን ሳትከፍት ለማወቅ ታስክ ማናጀር ውስጥ ፐርፎርማንስ፣ ከዚያ ሜሞሪ ግባ፤ «ስሎትስ ዩዝድ» 1 ከ2 ማለት አለበት።

ባንድዊድዝ፦
ካቻቢቴ ባለው ላይ ልጨምር። ነባሩ 8፣ አዲሱ 16 ሲሆን ዱዋል ቻናል (ሁለት ራሞች በጥንድ በአንድ ጊዜ መሥራታቸው) አይጠፋም። ከ16ቱ ላይ 8ቱ ከነባሩ 8 ጋር በጥንድ ይሠራሉ፣ የቀረው 8 ጂቢ ብቻውን በሲንግል ቻናል ይሄዳል። ኢንቴል ይህን አሠራር ፍሌክስ ይለዋል። ቲ480 የተለየ ግራፊክስ ካርድ ከሌለው ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው ግራፊክስ፣ ዩኤችዲ 620፣ የሚጠቀመው ከዚሁ ራም ስለሆነ፣ ከአንድ ፍሬ ወደ ሁለት ፍሬ መሄድ በራሱ ለውጥ ያመጣል።

ያገለገለ ራም ሲገዛ እኔ በጣም የምጠነቀቀው ተለጣፊው ላይ ነው፤ ተለጣፊ ይቀየራል። ጽሑፉን ከቺፖቹ ቁጥር ጋር አስተያየው። 1አርኤክስ8 ከሆነ በሁለቱም ገጽ ተደምሮ 8 ትላልቅ ቺፕ፣ 2አርኤክስ8 ከሆነ 16፣ 1አርኤክስ16 ከሆነ 4 መሆን አለበት። መሐል ያለችውን ትንሿን ቺፕ አትቁጠር። ጽሑፉ 1አርኤክስ8 እያለ 4 ቺፕ ካየህ ተወው። 8ቱን ለመግዛት ከወሰንክም 1አርኤክስ16ን አትምረጥ፤ ይሠራል፣ ግን በውስጡ ያሉት የባንክ ቡድኖች (የሜሞሪው ክፍልፋዮች) ከኤክስ8 በግማሽ ስለሚያንሱ ፍጥነቱ ትንሽ ይቀንሳል።

ከሻጩ ጋር የመመለሻ ቀን ተስማማ። ቤት እንደደረስክ ሜምቴስት86 የሚባለውን የራም መፈተሻ ፕሮግራም ፍላሽ ላይ ጭነህ በዚያ አስነሣ። ነፃው ቅጂ አራት ዙር ይፈትሻል፤ ማታ ለቀኸው ተኛ። አንድ ስህተት እንኳ ካሳየ መልስ። «አንድ ብቻ ነው፣ ምንም አይል» የሚልህን አትስማ፤ ያቺ አንድ ስህተት ናት ፋይል የምታበላሸውና ሰማያዊ ስክሪን የምታመጣው።

ካቻቢቴ፦
አገጣጠሙን ልጻፍ፣ ቲ480 ውስጥ የተደበቀ ባትሪ ስላለ። የኋላውን ባትሪ ማውጣት ብቻ አይበቃም፤ ኤሌክትሪክ እያለ ራም መንቀል ራሙንም ቦርዱንም ሊያቃጥል ይችላል። ማሽኑን ስታስነሣ ኤፍ1 ተጫንና ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚከፈተው የማሽኑ ማስተካከያ) ግባ። ኮንፊግ፣ ከዚያ ፓወር፣ ከዚያ «ዲሴብል ቢልት-ኢን ባተሪ» በል። ቻርጀሩ ቀድሞ የተነቀለ ይሁን። ማሽኑ ራሱ ይጠፋል።

ከዚያ የኋላውን ባትሪ አውጣ። የክዳኑን ብሎኖች አላላ፤ ከክዳኑ ተነጥለው ስለማይወጡ አትጎትታቸው። ክዳኑን በብረት ሳይሆን ባሮጌ የኤቲኤም ካርድ ዙሪያውን አላቀው። ራሙን ከመንካትህ በፊት እጅህን ብረት ላይ አሳርፍ፣ በተለይ በበጋ ሹራብ ለብሰህ ከሆነ። ራሙን በጠርዙ ያዝ፣ ቁርጡን አስተካክል፣ 30 ዲግሪ ያህል አዘንብለህ እስከ መጨረሻው አስገባ፣ ከዚያ ወደ ታች ተጫን። በግራና በቀኝ ያሉት መያዣዎች ቀጭ ብለው መቆለፍ አለባቸው። ወርቃማው ጥርስ ብዙ ከታየ አልገባም ማለት ነው።

ስትዘጋ ማብሪያውን ብትጫን አይነሣም። አትደንግጥ፤ የውስጡ ባትሪ የሚመለሰው ቻርጀር ሲሰካ ነው። የመጀመሪያው አነሣስም ከወትሮው ሊዘገይ ይችላል፣ አዲሱን ራም እየለካ ነው። አንድ ሁለት ደቂቃ ጠብቀህ ስክሪኑ ጥቁር ከሆነ ባዮስ መግባት ስለማትችል ማብሪያውን ይዘህ አጥፋው፤ ቻርጀሩንና የኋላውን ባትሪ አውጣ፣ የውስጡንም ባትሪ ከቦርዱ ነቅለህ አዲሱን ብቻውን፣ ቀጥሎ ነባሩን ብቻውን በየስሎቱ ሞክር። ጥፋቱ የራሙ ይሁን የስሎቱ በዚህ ይለያል። ጥርሱ ከቆሸሸ በአይሶፕሮፒል አልኮል ጥረገው። ላጲስ ሽፋኑን ይፍቃል፣ ብናኙም ስሎት ውስጥ ይቀራል።

የማታ_ተማሪ፦
አመሰግናለሁ ወንድሞቼ። 16ቱን ገጠምኩ፣ ተነሥቷል። ሲፒዩ-ዚ (የማሽኑን ክፍሎች የሚያሳየው ፕሮግራም) ግን ፍጥነቱን 1200 ገደማ ነው የሚለው፤ ታስክ ማናጀር ደግሞ ከ24ቱ 23.8 ብቻ ይላል። ተታልዬ ይሆን?

ባንድዊድዝ፦
አልተታለልክም። ዲዲአር በአንድ የሰዓት ምት ሁለት ጊዜ ስለሚያስተላልፍ 1200 ሜጋኸርዝ ማለት 2400 ነው። የጎደለችውን ግራፊክሱና ሲስተሙ ለራሳቸው ይዘዋታል። አሁን እዚያው ሲፒዩ-ዚ ውስጥ ኤስፒዲ የሚለውን (ራሙ ስለ ራሱ የያዘውን መረጃ) ክፈትና የአዲሱን ራም መጠንና የፓርት ቁጥር ከተለጣፊው ጋር አመሳክር፤ ከተለያዩ የመመለሻ ቀንህ ሳያልፍ ውሰድለት። ሜምቴስቱንም ዛሬ ማታ።