ሲዲኤ ለማሳደስ፦ ሰዓት ያልተጻፈበት የሥልጠና ወረቀት ይቆጠራል?

ሰላም ለሁላችሁ። አሜሪካ ውስጥ በሕፃናት ማቆያ የምትሠሩ እህቶችና ወንድሞች፣ እባካችሁ እርዱኝ። ሲዲኤ (CDA፣ የሕፃናት አስተማሪዎችና ተንከባካቢዎች የሙያ ማረጋገጫ) በየ3 ዓመቱ ይታደሳል፤ የእኔ ሊያልፍበት ተቃርቧል። የመጀመሪያ እርዳታና የሕፃናት ሲፒአር (ልብና ትንፋሽ ሲቆም የሚሰጥ እርዳታ) ካርዴ ጊዜው አላለፈም። የ80 ሰዓት የሥራ ማስረጃው፣ የሙያ ማኅበር አባልነቱና የባለሙያ ድጋፍ ቅጹም ተሟልተዋል።

ያስጨነቀኝ ለማሳደስ የሚጠየቀው የ45 ሰዓት ሥልጠና ነው። አንዱ ሰርተፊኬት ስሜ፣ ርዕሱና ቀኑ አለበት፤ የሰዓቱ ብዛት ግን የለም። አሠልጣኙ ድርጅት ስለተዘጋ ማስተካከያ የሚጽፍልኝ የለም። የስቴቱ የሥልጠና መዝገብ ላይ ግን ሰዓቱ በግልጽ ይታያል። የመዝገቡን ትራንስክሪፕት (የሥልጠና ዝርዝር) አያይዞ ተቀባይነት ያገኘ አለ? ወይስ የጎደለውን ሰዓት ባጭር የኦንላይን ኮርስ መሙላት ይሻላል? ባለ 3 ክሬዲት የኮሌጅ ኮርስ እንደሚተካው አውቃለሁ፤ ሴሚስተሩ ሳያልቅ ግን ጊዜው ያልፍብኛል።