በረንዳችን ላይ ጎጆ የሠራው ተርብ ምን ዓይነት ነው?

የሁለት ልጆች እናት (ቨርጂኒያ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከመግቢያችን በር በላይ ጣሪያው ሥር ተርብ ጎጆ ሠርቷል። መጠኑ መዳፍ ያህል፣ ግራጫ፣ ወረቀት የመሰለ ነው። ጎረቤቴ «የሎው ጃኬት (ቢጫና ጥቁር ተናዳፊ ተርብ) ነው፣ ዛሬውኑ ይጥፋ» ትላለች። ልጆቼ የሚገቡትና የሚወጡት በዚያ በር ስለሆነ ጨንቆኛል።

አትክልተኛው፦
እህቴ፣ ከታች ሆነው ሲያዩት ቀዳዳዎቹ ይታያሉ? ጎጆው የተንጠለጠለውስ በአንዲት ቀጭን ዘንግ ነው?

የሁለት ልጆች እናት፦
አዎ፣ ሁለቱም። ቀዳዳዎቹ ውስጥ ነጫጭ ትሎችም ይታዩኛል።

አትክልተኛው፦
እንግዲያውስ የሎው ጃኬት አይደለም። እሱ ጎጆውን ዙሪያውን በወረቀት ይሸፍናል፤ ብዙ ጊዜም የሚሠራው መሬት ውስጥ ነው። የእርስዎ ፖሊስተስ የሚባለው የወረቀት ተርብ ወገን ነው። ሲበር ይመልከቱት፤ ረጃጅም የኋላ እግሮቹን አንጠልጥሎ ነው የሚሄደው። አንቴናው ብርቱካናማ ከሆነ ደግሞ ከአውሮፓ የመጣው ዝርያ ሊሆን ይችላል። ወረቀቱን የሚሠራው ከእንጨት ነው፤ ያረጀ አጥር ላይ ቆሞ በመንጋጋው ሲፍቅ፣ ጠጋ ላለ ሰው ድምፁ ይሰማል። የሚያዩዋቸው ነጫጭ ትሎች እጮቹ ናቸው።

ጎመን አብቃይዋ፦
እባክሽ እህቴ፣ ከቻልሽ አትግደያቸው! ጎመኔን የሚበላውን አረንጓዴ አባጨጓሬ እየለቀሙልኝ ነው። ይዘው፣ አድቅቀው፣ አድበልብለው ለእጮቻቸው ይወስዱታል። ጓሮዬ ላይ መድኃኒት መርጨት የተውኩት በእነሱ ምክንያት ነው።

ነርሷ፦
ጥቅማቸው እውነት ነው፤ ነገር ግን ልጆች በሚመላለሱበት በር ላይ መተው አልመክርም። ከንብ በተለየ ተርብ መንደፊያውን ቆዳ ውስጥ ትቶ ስለማይሄድ ደጋግሞ መንደፍ ይችላል። የተነደፈ ሰው ትንፋሽ ካጠረው፣ ከንፈሩ ወይም ጉሮሮው ካበጠ፣ ኢፒኔፍሪን (ለከባድ አለርጂ የሚወጋ መርፌ) ካለው ወዲያው ይወጋ፤ 911 ይደወል።

አትክልተኛው፦
በዚህ እስማማለሁ፤ በሩ ላይ ያለው ይነሣ፤ ሰው የማይደርስበት ቢሆን ግን ይተው ባልኩ ነበር። የተርብ ማጥፊያ መርጫ ከተጠቀሙ ሲመሽ ሁሉም ጎጆው ላይ ሲሰበሰቡ፣ ከሥሩ ሳይቆሙ፣ ከራቅ ብለው ይርጩ። ልጆቹ ቤት ውስጥ ይሁኑ። ከዚህ ቀደም ተነድፎ ሰውነቱ የተቆጣ ሰው ቤት ውስጥ ካለ ባለሙያ ይጥሩ። በነገራችን ላይ ውርጭ ሲመጣ ሠራተኞቹ ያልቃሉ፤ ክረምቱን የሚያልፉት ከወንድ ጋር የተገናኙ አዳዲስ ንግሥቶች ብቻ ናቸው። በሚቀጥለው ጸደይ ጣሪያውን ቶሎ ቶሎ ይዩት፤ ንግሥቲቱ ብቻዋን ጥቂት ቀዳዳ ስትጀምር በረጅም መጥረጊያ ማውረድ ይቻላል።