ጥቆማ፦ የድሮ ፊልምና የሰርግ ሲዲ ወደ ኮምፒውተር መገልበጥ፣ ሐዋሳ ላላችሁ

ከወር በፊት «ቤት ያሉትን የፊልም ሲዲዎች ኮምፒውተር ላይ ልገለብጥ ነው፣ የትኛው ሶፍትዌር ይሻላል? ሐዋሳ ውስጥስ ማን በደንብ ይሠራል?» ብዬ ጠይቄያችሁ ነበር። ግማሾቻችሁ «በዚህ ዘመን ሲዲ?» ብላችሁ ሳቃችሁብኝ። ግማሾቻችሁ ደግሞ ደግ ናችሁ፣ የምታውቁትን ጠቆማችሁኝ። ሁሉንም ሞከርኩት።

ለቸኮለ ሰው፦ ለቪሲዲ (ፊልም የተጫነበት ተራ ሲዲ ነው) ምንም አትጫኑ። ለዲቪዲ ሜክኤምኬቪ የሚባለው ሶፍትዌር። ፋይሉን ለማሳነስ ሃንድብሬክ። አንዱም ገንዘብ አያስወጣም። የግድ ገንዘብ ላውጣ ካላችሁ ለሶፍትዌር ሳይሆን ለጥሩ ዲቪዲ ሮም (ዲስኩን የሚያነበው ዕቃ) አውጡት።

ጊዜ ያላችሁ ቀጥሉ።

ካርቶኑ የእናቴ ነው። ጓዳ ውስጥ ከበርበሬው ጣሳ ጀርባ ነበር የተቀመጠው። ስንቆጥረው 63 ዲስክ ሆነ። አብዛኛው ድሮ ፒያሳ ከሙዚቃ ቤት የተገዛ የአማርኛ ፊልም ነው፤ ያ ክፍል አንድና ክፍል ሁለት እየተባለ በሁለት ሲዲ የሚሸጠው። አሥራ አንዱ የሰርግ፣ የመልስና የክርስትና ነው። የተረፉት አጎቴ ከአሜሪካ ሲመጣ የያዛቸው ኦሪጅናል ዲቪዲዎች ናቸው። በዓይን ሲታዩ ሁሉም አንድ ናቸው። ለኮምፒውተሩ ግን ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፦ ቪሲዲ፣ መቆለፊያ የሌለው የሰርግ ዲቪዲ፣ መቆለፊያ ያለው ኦሪጅናል ዲቪዲ። እኔ ሁለት ቀን ያቃጠልኩት ቪሲዲን በዲቪዲ ሶፍትዌር ካልከፈትኩ ብዬ ስታገል ነው።

መለያው ቀላል ነው። ዲስኩን ክፈቱና ውስጡን እዩ። ኤምፔግኤቪ የሚል ፎልደር ካለ ቪሲዲ ነው። ቪዲዮ ቲኤስ የሚል ካለ ዲቪዲ ነው።

ቪሲዲ ከሆነ ፎልደሩ ውስጥ መጨረሻው «ዳት» የሆነ ትልቅ ፋይል ታገኛላችሁ። እሱን ኮፒ፣ ፔስት። አለቀ። ቪኤልሲ ምንም ሳይል ይከፍተዋል። ቴሌቪዥኑ እምቢ ካለ «ዳት» የሚለውን አጥፍታችሁ «ኤምፒጂ» ብላችሁ ጻፉበት፣ ብዙ ጊዜ ይሠራል። ኮንቨርት ማድረግ አያስፈልግም። ስዕሉ 352 በ288 ነው፣ ከዚያ የሚያሳድገው ሶፍትዌር የለም። «ኤችዲ አድርጌ እሰጥሃለሁ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ሻይ ጠጥታችሁ ተለያዩ።

አንዳችሁ «700 ሜጋ የሚል ሲዲ ላይ 800 ሜጋ ፋይል አገኘሁ፣ ቫይረስ ይሆን?» ብላችሁኝ ነበር። ቫይረስ አይደለም። ሲዲ ላይ ዳታ ሲጻፍ የተወሰነው ቦታ ስህተት ለማረሚያ ይያዛል። ቪሲዲ ላይ የዚያን አብዛኛውን ለፊልሙ ሰጥተውታል። በዚህ የተነሳ ብዙ ይይዛል፣ ግን ጭረት አይችልም። አንድ ትንሽ ጭረት ኮፒውን ቀጥ ታደርገዋለች። ሌላም ጣጣ አለው፦ ቪሲዲን አይኤስኦ (ሙሉ ዲስኩን በአንድ ፋይል የሚይዝ ዓይነት) አድርጋችሁ ልታስቀምጡ ብትሞክሩ ፊልሙ ተበላሽቶ ነው የሚወጣው። ሙሉውን ዲስክ እንዳለ ለማስቀረት ቢን እና ኪው የሚባለው ዓይነት ነው የሚያገለግለው። እኔ ግን ፋይሉን ብቻ ነው የወሰድኩት። ሜኑውን ማን ይናፍቃል?

አሁን ወደ ዋናው ችግር። ኮፒው 70 ፐርሰንት ይደርስና «ሳይክሊክ ሪደንዳንሲ ቼክ» ብሎ ይቆማል፤ ዲስኩን በትክክል ማንበብ አቃተኝ ማለቱ ነው። ከ63ቱ 14ቱ እንዲህ አደረጉኝ። ሶፍትዌር ቀየርኩ፣ ያው። ሌላ ጫንኩ፣ ያው። በመጨረሻ አቶቴ አካባቢ ያገለገለ ኮምፒውተር የሚጠግን ልጅ ጋ ይዤ ሄድኩ። ላፕቶፔን እንኳ አልከፈተውም። «ብሮ፣ ሶፍትዌሩ ምን ያድርግ? ዓይኑ ነው የደከመው» አለኝ። የዲቪዲ ሮሙን ሌንስ ማለቱ ነው። ከአሮጌ ዴስክቶፕ የፈታውን፣ በጎኑ ቢጫ የሆነ ዲቪዲ ሮም ጠረጴዛው ላይ ከነሽቦው ዘረጋና ዲስኮቹን አንድ በአንድ አጎረሰው። እንደ ወፍጮ ያጓራል። ግን ከ14ቱ 9ኙን አንብቦ ጨረሰ። የኔ ቀጭኑ በዩኤስቢ የሚሰካ ዕቃ ያፈረበትን ማለት ነው።

በነገራችን ላይ ቀጭኑን የምትገዙ ከሆነ ባለ ሁለት ራስ የዩኤስቢ ሽቦ ያለው ይሻላል። አንዳንድ ላፕቶፕ በአንድ ዩኤስቢ ብቻ በቂ ኃይል አይሰጠውም። ዲስኩ ይዞርና ይቆማል፣ ይዞርና ይቆማል። ሰው ዲስኩ ተበላሽቷል ብሎ ይጥለዋል።

የቀሩትን አምስቱን አጠብኳቸው። ለብ ያለ ውሃ፣ ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና፣ ለስላሳ የጥጥ ጨርቅ። ስትጠርጉ ከመሃል ወደ ጠርዝ ቀጥታ ነው እንጂ ክብ እያዞራችሁ አይደለም። ዲስኩ የሚነበበው በክብ ስለሆነ በዚያው አቅጣጫ ከጫራችሁት ይብስበታል። ከመድከማችሁ በፊት ግን ዲስኩን ወደ አምፖል አንሱና ጽሑፍ ባለበት በኩል እዩት። የመርፌ ቀዳዳ የሚያህል ብርሃን ካያችሁ ዳታው ረግፏል። ሲዲ ላይ ፊልሙ ያለው ከጽሑፉ ሥር ወዲያውኑ ነው፤ ከላይ ከተላጠ አበቃ። ዲቪዲ በዚህ ይሻላል፣ ዳታው በሁለት ፕላስቲክ መሃል ነው። ሁላችንም የሚያብረቀርቀውን በኩል ስንሳሳለት ኖረን፣ ለካ ሲዲን የሚገድለው በላይ በኩል ያለው ጭረት ነው።

ታጥበውም እምቢ ላሉት አይሶባስተር ተጠቁሞልኝ ነበር። ለጠቆመኝ ሰው ምስጋና ይድረሰው። ዊንዶውስ ተስፋ ሲቆርጥ እሱ ደጋግሞ ይሞክራል፣ ያልተነበበውን ዘሎ የቀረውን ያወጣል። መሠረታዊው ነፃ ነው፣ አንዳንዱ ሥራው ክፍያ ይጠይቃል። ሦስት ዲስክ አትርፎልኛል። አንዱ ፊልም ላይ መሃል የሆነ ቦታ አራት ሰከንድ ያህል ስዕሉ ይበታተናል። ምንም አይደለም። ሊኑክስ የምትጠቀሙ ደግሞ ለዲቪዲ ዲዲሬስኪው የሚባል አላችሁ። መብራት ቢሄድ ካቆመበት ይቀጥላል። ለሐዋሳ የተሠራ ነው የሚመስለው።

የሰርግ ዲቪዲ ወደሚለው ስንመጣ፣ መቆለፊያ የለውም፤ መገልበጡ ቀላል ነው። ክፋቱ ፋብሪካ የታተመ ሳይሆን በኮምፒውተር የተቃጠለ መሆኑ ነው። ቀለም ላይ ነው የሚጻፈው፣ ቀለሙ ደግሞ ፀሐይና ሙቀት አይወድም። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያስቀመጣችሁ ካላችሁ ዛሬ ጀምሩ፣ ፊልሞቹን ተዉና መጀመሪያ የሰርጉን ገልብጡ። ፊልም ሌላ ቦታ ይገኛል።

ለዲቪዲ ሜክኤምኬቪን መረጥኩ። ዲስኩን ታስገባላችሁ፣ ያነባል፣ የትኛውን ላውጣ ብሎ ይዘረዝራል፣ ምልክት አድርጋችሁ አስቀምጥ ትሉታላችሁ። ስዕሉን አይነካውም፣ ጥራቱ እንዳለ ነው። ለዲቪዲ ነፃ ነው። ለብሉሬይ ጊዜያዊ ቁልፍ ይፈልጋል፣ ግን ማናችን ብሉሬይ አለን? አንድ ነገር ብቻ አስተካክሉ። ከ120 ሰከንድ ያነሰ ቪዲዮን ዘሎ እንዲያልፍ ተደርጎ ነው የሚመጣው። የእህቴ ሰርግ ላይ የሙሽራ መኪና ሐይቅ ዳር ስትደርስ የሚያሳየው ቁራጭ ጠፍቶብኝ ግማሽ ቀን ፈለግሁት። አንድ ደቂቃ ከሃምሳ ነበር። ሴቲንግ ገብታችሁ ቁጥሩን ዝቅ አድርጉት።

የአጎቴን ኦሪጅናሎችም ሜክኤምኬቪ ከፍቷቸዋል። እነዚያ ሲኤስኤስ የሚባል መቆለፊያ አላቸው። ተራ ኮፒ ብታደርጉ ፋይሉ ይመጣል፣ ስትከፍቱት ግን አረንጓዴና ሮዝ የተዝረከረከ ነገር ነው። ዊንዶውስ «ሪጅን ቀይር» ካላችሁ እሺ ለማለት አትቸኩሉ። ሪጅን ዲቪዲው የተሠራለት የዓለም ክፍል ቁጥር ነው፤ የአሜሪካ ዲቪዲ ሪጅን 1 ነው፣ የኛ 5 ነው። ዲቪዲ ሮሙ ደግሞ የሚፈቅደው 5 ጊዜ መቀየር ብቻ ነው፣ ከዚያ በመጨረሻው ላይ ይቆለፋል። ቪኤልሲና ሜክኤምኬቪ ብዙ ጊዜ ይህን ሳይጠይቁ ይከፍቱታል።

«ሕጋዊ ነው ወይ?» ላላችሁ፦ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 አንድ ሰው ለግል ጥቅሙ ብቻ አንድ ቅጂ እንዲያደርግ ቦታ ይሰጣል። ገልብጦ መሸጥና ቴሌግራም ላይ መልቀቅ ሌላ ጉዳይ ነው። ኦሪጅናሎቹንም አልጣልኳቸውም።

ሃንድብሬክ የሚያስፈልገው ከዚህ በኋላ ነው። የዲቪዲ ፋይል 5 ጊጋ፣ 6 ጊጋ ሆኖ ይመጣል። ሃንድብሬክ ወደ አንድ ጊጋ አካባቢ ያወርደዋል፣ በዓይን ልዩነቱን አላየሁም። መቆለፊያ ግን አይከፍትም፤ «ሃንድብሬክ አይሠራም» ያላችሁኝ ሰዎች በቀጥታ ኦሪጅናል ዲቪዲ ሰጥታችሁት ይመስለኛል። ጥራቱን አርኤፍ 20 ላይ ተዉት። ቁጥሩ ሲጨምር ፋይሉ ያንሳል፣ ስዕሉም ይወርዳል። ለሰርግ ቪዲዮ «ዲኢንተርሌስ» የሚለውን አብሩት። የድሮ ካሜራ የቀረጸው ላይ ሰው ሲጨፍር የትከሻው ጠርዝ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ይሰነጣጠቃል። እስክስታ ላይ ደግሞ አስቡት። አክስቴ ሁለት ትከሻ ሳይሆን ሃያ ትከሻ ያላት ነበር የምትመስለው። ሲበራ ጠፋ። ጊዜ ይፈጃል፤ የኔ ላፕቶፕ ለአንድ ሰርግ ሁለት ሰዓት ፈጅቶበታል፣ ማታ ለቆ መተኛት ነው።

ሌሎቹን ቶሎ ልለፋቸው። ቪኤልሲ ለማየት አንደኛ ነው፣ ለመገልበጥ ግን ሁለቴ ሞክሬው ሁለቴም ድምፁ ከአፉ ጋር አልገጠመም። ዲቪዲ ሽሪንክ ጥሩ ነበር፣ ግን መሻሻል ካቆመ ሃያ ዓመት ገደማ ሆኖታል፤ አሁንም በየፍላሹ የሚዞረው ከልማድ ይመስለኛል። ዲቪዲፋብና መሰሎቹ ያምራሉ፣ በዶላር ነው የሚሸጡት፣ ካርዱን ከየት አመጣለሁ? ክራክ የተደረገውን የላከልኝ ወዳጄ፣ ፍቅርህን አውቃለሁ፣ ግን አንቲቫይረሴ ጮኸ። ነፃው ይህን ሁሉ እየሠራ ለምን?

ራሴ አልሠራም ለምትሉ፣ ሐዋሳ ውስጥ ሁለት ቤት ሞክሬያለሁ። ስም አልጠራም። የመጀመሪያው ፎቶና ቪዲዮ ቤት ነው። በዲስክ 150 ብር ከፈልኩ። በማግስቱ የሰጡኝ ፋይል 300 ሜጋ ሆኖ ተጨምቋል፣ ይባስ ብሎ የቤቱ ስልክ ቁጥር ከታች እየተንሸራተተ ያልፋል። የእህቴ ቬሎ ላይ! ቬሎ ላይ ስልክ ቁጥር! ሁለተኛው ያ የአቶቴው ልጅ ነው። ምንም አልጨመቀም፣ ያለውን እንዳለ ሃርድ ዲስኬ ላይ ገለበጠልኝ። ዋጋውም ያንሳል። የትም ብትወስዱ አስቀድማችሁ «እንዳለ ነው የምትገለብጡት ወይስ ኮንቨርት ታደርጋላችሁ? ጽሑፍ ትጨምራላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ፍላሽ ሳይሆን ሃርድ ዲስክ ይዛችሁ ሂዱ።

ስለ ፍላሽ ካነሳን፣ «32 ጊጋ ፍላሼ ባዶ ነው፣ 5 ጊጋ ፊልም አልቀበልም አለኝ» ላለችው እህት፦ ፍላሽሽ ፋት32 በሚባለው የድሮ አሠራር ፎርማት ተደርጎ ነው። ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም። ኤክስፋት አድርገሽ ፎርማት አድርጊው፤ ያለው ነገር ሁሉ እንደሚጠፋ ግን አትርሺ። ቴሌቪዥንሽ የቆየ ከሆነ ኤክስፋትን ላያነብ ይችላል። ያኔ በሃንድብሬክ አሳንሰሽ ኤምፒፎር አድርጊውና በዚያው በፋት32 ተጠቀሚ።

ከ63ቱ ሳይገለበጡ የቀሩት ሁለት ናቸው። አንዱ አምፖል ላይ ሳነሳው እንደ ወንፊት ነው፣ እሱን ሸኝቼዋለሁ። ሁለተኛው የእህቴ መልስ ነው። ምንም ዲቪዲ ሮም አያየውም። እናቴ «የቀረጸውን ልጅ ጠይቀው» አለችኝና አፈላልጌ አገኘሁት። አሁን ካሜራ ትቶ ባጃጅ ገዝቷል። «የዚያን ዘመን ካሴቶች አልጣልኩም፣ ሚኒ ዲቪ ነው፣ ግን ካሜራውን ሸጬዋለሁ» አለኝ። ትናንት ካሴቱን በላስቲክ ጠቅልሎ አመጣልኝ። ጀርባው ላይ በእስክሪብቶ «መልስ 2» ይላል።

ሐዋሳ ውስጥ የሚሠራ ሚኒ ዲቪ ካሜራ ያለው፣ ወይም ያለውን ሰው የሚያውቅ ካለ ጠቁሙኝ። ካሜራውን ከኮምፒውተር የሚያገናኘው ፋየርዋየር ሽቦው ካለ ደግሞ አሞራ ገደል ዓሣ በኔ ነው።