የእናቴ የስኳር ማሽን 12.8 ይላል፤ ሁዳዴን ልትጾም ነው፣ ምን ላድርግ?

የደብረ ብርሃኗ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ 58 ዓመቷ ነው፣ ደብረ ብርሃን ነው የምትኖረው፣ እኔ አዲስ አበባ ነኝ። ስኳርና ግፊት ካለባት አራት ዓመት ሆናት። ክብደቷ 94 ኪሎ፣ ቁመቷ 1 ሜትር ከ60። ጠዋትና ማታ ሜትፎርሚን 500፣ ጠዋት ግሊቤንክላማይድ 5፣ ለግፊቱ ደግሞ አምሎዲፒን 5 ትወስዳለች። ባለፈው ወር ስትለካ ግፊቷ 160/100 ነበር።

ወንድሜ ከለንደን የስኳር መለኪያ ማሽን ልኮላታል። ጠዋት ምንም ሳትቀምስ ስትለካ 12.8 ነው የሚለው። «ጎረቤቴ 180 እያላት ትጾማለች፣ እኔ በ12 ምን ልሆን ነው» ትለኛለች። ሁዳዴ ሊገባ ሁለት ሳምንት ነው የቀረው፣ እሷም እንደ ድሮዋ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ልትጾም ቆርጣለች። አምና በጾሙ መሃል እጇ እየተንቀጠቀጠ ላብ በላብ ሆና ጎረቤት ነው የደረሰላት። እሷ «ድካም ነው» ብላ አለፈችው። መጾም ትችላለች? ምን ትብላ? ክብደቷንስ በምን እንቀንሰው፣ ጉልበቷን እያመማት እርምጃ የሚባል ነገር የለም።

ፋርማሲስቱ፦
መጀመሪያ የማሽኑን ነገር እንጨርስ። የእንግሊዝ አገር ማሽን የሚያነበው በሚሊሞል ነው፣ እኛ አገር የለመድነው ሚሊግራም ነው። ቁጥሩን በ18 አባዢው። 12.8 ማለት 230 ነው። ከጎረቤታቸው ይበልጣል ማለት ነው! ጠዋት ሳይበላ ለአብዛኛው ሰው ግቡ ከ80 እስከ 130 ነው፣ በዚያ ማሽን ከ4.4 እስከ 7.2። ይህን በወረቀት ጽፈሽ ማሽኑ ጀርባ ላይ ለጥፊላቸው። ደግሞ ስትሪፑ (ደሙ የሚነካበት ቁራጭ) ከማሽኑ ጋር የሚገጥም መሆን አለበት፣ እዚህ ላይገኝ ስለሚችል ወንድምሽ አብሮ ይላክ።

የደብረ ብርሃኗ፦
ኧረ በማርያም! 230? እኔም እኮ «ትንሽ ነው» ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።

ስኳር 14 ዓመት፦
እህቴ፣ የአምናው ላብ ድካም አይደለም። ስኳራቸው ወርዶ ነው የሚመስለው። እኔም ያንኑ ግሊቤንክላማይድ ውጬ ባዶ ሆዴን ቅዳሴ ቆሜ ነው የወደቅኩት፣ ሰው ሰይጣን ያዘው ብሎ ጸበል ሲረጨኝ ነቃሁ። ይሄ ኪኒን በላህም አልበላህም ቆሽትህን ኢንሱሊን አምጣ እያለ ያስጨንቀዋል። ሜትፎርሚን ብቻውን ሲሆን ስኳርን ከልክ በታች እምብዛም አያወርድም። ስለዚህ ጾሙ ሳይገባ ሐኪም ያናግሩ፣ በራሳቸው ግን እንዳያቋርጡ። የእኔ የንስሐ አባት «ጠዋት በልተህ መድኃኒትህን በሰዓቱ ውሰድ፣ ከሥጋና ከወተት ራቅ» አሉኝ፣ በቃ፣ እንደዚያ ነው የምጾመው። እናትሽም የራሳቸውን አባት ይጠይቁ፣ ልጅ ከምትለምኚያቸው የእሳቸው ቃል ይሰማል።

መንቀጥቀጥና ላብ ሲመጣ በሚሊግራም ከ70 በታች ነው ብላችሁ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጣችሁ ስጧቸው፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ድጋሚ ይለኩ፣ ከዚያ ምግብ ይብሉ። ራሳቸውን ከሳቱ ግን በአፍ ምንም አትስጡ፣ ወደ ሐኪም ሩጡ።

የአገር ልጅ፦
ሽፈራው ቅጠል አፍልታ ትጠጣ፣ ጠዋት ደግሞ ፌጦ። አጎቴ ኪኒኑን ጥሎ በሱ ነው ያለው፣ ምንም አይለውም።

ሲስተር፦
«ምንም አይለውም» ነው ችግሩ። አጎትህ ለመጨረሻ ጊዜ መቼ ተለኩ? ስኳርና ግፊት ሳያሙ ነው ዓይንና ኩላሊት የሚበሉት። ሽፈራውን እንደ ጎመን ሠርተው ቢበሉት አልቃወምም፣ መድኃኒት አስጥሎ ግን አይሆንም።

እህቴ፣ 160/100 ኪኒን እየዋጡ ከሆነ መድኃኒቱ ይታይ፣ ቀጠሮ አትጠብቁ። ግፊት ሲለኩ አምስት ደቂቃ ቁጭ ብለው፣ ቡና ከጠጡ ግማሽ ሰዓት አልፎ፣ ሳያወሩ ነው። የሦስት ወር ስኳር፣ የሽንትና የኩላሊት ምርመራ፣ የዓይን ምርመራ ተሠርቶ ያውቃል? እግራቸውንም ማታ ማታ እዩላቸው፣ በብርዱ ምክንያት እሳት ዳር የሚሞቁ ከሆነ በጣም ይጠንቀቁ፣ ስሜቱ ከቀነሰ ሳይታወቃቸው ይቃጠላሉ።

ባልትና፦
ምግቡን ለእኔ ተዉት 😊 «ጤፍ ስኳር የለውም» የሚባለውን እርሺው። እንጀራ ከየትኛውም እህል ቢጋገር ሆድ ውስጥ ሲፈጭ ስኳር ይሆናል። እናቶቻችን ስንት እንደበሉ የማያውቁት ደግሞ ከትሪ ስለሚበሉ ነው፣ ጉርሻው ሳይቆጠር። እኔ ለእናቴ ለብቻዋ ትንሽ ሳህን ገዛሁላት፣ ለሁለት ሳምንት ተኳረፍን። ግማሽ እንጀራ፣ የቀረው ጎመን፣ ፎሶሊያ፣ ሰላጣ፣ ምስር። ሽሮና ምስር ጾም ላይ ትልቅ ጉልበት ናቸው።

የጾም ወጥመዱ ሌላ ነው፦ ድንች፣ ዳቦ፣ ፓስታ፣ ሩዝ፣ በስኳር የተበጠበጠ በሶ፣ ጁስ። «የጾም ነው» ብለን ዘይቱን እናፈሳለን። በጣሳ ሳይሆን በማንኪያ ይለካ። ጨውም በቀን በአንድ ሰው ከአንድ የሻይ ማንኪያ አይለፍ፣ በርበሬውና ሽሮው ሲፈጭ ጨው ከገባበት እሱም ይቆጠራል፣ ሳትቀምሱ አትጨምሩ። ቡና በቀን ስንት ሲኒ ነው፣ በስንት ማንኪያ ስኳር? ማርም ስኳር ነው፣ አዝናለሁ።

ፋርማሲስቱ፦
ጉልበቱን ረስተን ነበር። ለሕመሙ ምን እየወሰዱ ነው? ዲክሎፌናክ ከሆነ ግፊት ይጨምራል፣ ኩላሊትም ይጎዳል። ብዙ ሰው ከሱቅ እንደ ከረሜላ ነው የሚገዛው። ክብደቱ ደግሞ ከ94 ላይ ከአምስት እስከ ዘጠኝ ኪሎ ቢቀንስ እንኳ ጉልበትም ስኳርም ግፊትም ይሰማዋል፣ 60 ኪሎ ይግቡ ያለ የለም። መራመድ ካቃታቸው ወንበር ላይ ተቀምጠው እግር መዘርጋትና ማንሳት ይጀምሩ።

የደብረ ብርሃኗ፦
ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ። ቦርሳዋ ውስጥ ጥቁር ፌስታል ተጠቅልሎ አገኘሁት፣ ዲክሎፌናክ፣ ሁለት ፓኬት። ተደብቃ ነበር የምትውጠው። ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ግሊቤንክላማይዱን አስቆሙና ሜትፎርሚኑን ከፍ አደረጉላት፣ ለግፊቱ ኢናላፕሪል ጨመሩ፣ ለጉልበቷ ፓራሲታሞል። የንስሐ አባቷም ጠዋት በልታ መድኃኒቷን እንድትወስድ ፈቀዱላት፣ ፊት ለፊት ስለነገሯት አልተከራከረችም። ትናንት ጠዋት 8.9 ነበር። አባዝታ 160 ነው ያለችኝ ራሷ ነች! ቡናዋ ከሦስት ማንኪያ ስኳር ወደ አንድ ወርዷል፣ ወደ ዜሮ አልሄድም ብላለች።

ሲስተር፦
ጎበዝ! ገና ግብ ላይ አልደረሰም፣ ግን መንገዱ ላይ ናችሁ። ኢናላፕሪሉ ደረቅ ሳል ካመጣባቸው ራሳቸው አያቁሙት፣ ለሐኪሙ ይንገሩ፣ ሌላ አለ።

የደብረ ብርሃኗ፦
እሺ። አንድ አዲስ ችግር ግን አለ። ያቺ 180 ያላት ጎረቤታችን አሁን ጠዋት ጠዋት እየመጣች በእናቴ ማሽን ትለካለች፣ መርፌውንስ ትቀይራለች፣ ስትሪፑ ግን እያለቀ ነው። ለወንድሜ ደውዬ ሁለት እጥፍ አዝዤዋለሁ።