ዱከም ለሥራ እመጣለሁ፤ ቅዳሜና እሁድ መኪና ይዘን የት እንሂድ?

ጠያቂ፦ መንገደኛዋ

ሰላም ለሁላችሁም። የምኖረው ቶሮንቶ ነው። መሥሪያ ቤቴ ዱከም ኢንዱስትሪ ዞን ውስጥ ላለ ፋብሪካ ማሽን እንድንተክል ይልከናል። ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ኅዳር አጋማሽ እዚያው ዱከም ሆቴል ነው የምናርፈው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ሥራ ነው። ቅዳሜና እሁድ የራሳችን ነው።

ከአገር የወጣሁት ልጅ ሆኜ ነው። አማርኛው አለኝ፣ መንገዱን ግን አላውቀውም። አብረውኝ ሁለት ባልደረቦች ይመጣሉ። አንዱ ጀርመናዊ ናቸው፤ ቅርስና ታሪክ አይተው የማይጠግቡ ሰው፣ በዕድሜም ገፋ ያሉ። ሌላዋ ህንዳዊት ናት፤ ሥጋም ዓሣም አትበላም። ሁለቱም «አንቺ ያገሩ ሰው ነሽ» ብለው ፕሮግራሙን እኔ ላይ ጥለውታል።

ለመጀመሪያው ሳምንት እንዲህ አስቤያለሁ፦ ቅዳሜ ጢያና ወንጪ፣ እሁድ ደብረ ሊባኖስና እንጦጦ፣ ቢሾፍቱን ደግሞ ማታ ማታ ከሥራ በኋላ። መኪናውን ተከራይቼ ራሴ ልነዳ ነው። ይሆናል? ምን ልጨምር?

ጋሽ ሾፌሩ (ቃሊቲ)

ልጄ፣ ይሄ ዕቅድ ለሄሊኮፕተር ነው። መጨመሩ ይቅርና መቀነሱን እንነጋገር።

ጢያ በቡታጅራ መንገድ በደቡብ ነው። ወንጪ በምዕራብ፣ በአምቦና በወሊሶ መሃል። ደብረ ሊባኖስ ከአዲስ አበባ ወደ 100 ኪሎ ሜትር በሰሜን። አንቺ የምታድሪው ደግሞ በምሥራቅ ነው። ካርታ ላይ ሁሉም አጠገብ ለአጠገብ ይመስላል፤ መሃል ላይ ግን አዲስ አበባ አለች። እሷን ለማቋረጥ ብቻ ግማሽ ቀን ሊሄድብሽ ይችላል።

ስለዚህ ቦታውን ሳይሆን በሩን ምረጪ። አንድ ቀን፣ አንድ በር። በዱከም በር ቢሾፍቱ፣ ሞጆ፣ አዳማ አሉልሽ። በዓለም ገና በር መልካ ቁንጥሬ፣ አዳዲ ማርያምና ጢያ በአንድ መስመር ላይ ይገኛሉ። በሰበታ በኩል መናገሻ ሱባ ደን አለ። የሰሜኑን በር ለእንጦጦ ብቻ ተይው።

ሌላው፣ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በ12 ሰዓት ግድም ትጠልቃለች። እናንተ አገር በበጋ እስከ ማታ 3 ሰዓት ብርሃን አለ አሉ፤ እዚህ የለም። ከመሸ በኋላ መብራት የሌለው ጋሪ፣ መንገድ ላይ የቆመ ከባድ መኪና፣ የሚሻገር ከብት ይገጥምሻል። እኔ በዚህ ሥራ ሸብቻለሁ፤ ከከተማ ውጭ በ11 ሰዓት መኪናዬ ፊቱን ወደ ቤት ካላዞረ አይመቸኝም።

የዱከም ልጅ

ጋሼ ልክ ናቸው። ቢሾፍቱን ማታ ማየት ግን ምን ይሉታል? ከዱከም አሥር ኪሎ ሜትር ስለሆነ እራት መብላት ትችያለሽ፤ ሐይቁን ግን አታዪውም። ጨለማ ነው!

እታለም ከባቦጋያ

እንኳን ደህና መጣሽ እህቴ። ለቢሾፍቱ አንድ ሙሉ ቀን ስጪው፣ አትቆጪም። የመጀመሪያው ቅዳሜ ይሁን፤ የበረራ ድካም ስላለባችሁ ሩቅ አትሂዱ።

ከሐይቆቹ ብዙዎቹ እሳተ ገሞራ የፈነዳባቸው ጉድጓዶች ናቸው። ጠዋት የቢሾፍቱ ሐይቅን ከላይ ከገደሉ አፍ ላይ እዩት። ቡናችሁን እዚያው ጠጡ። ከዚያ ባቦጋያ ወይም ኩሪፍቱ ውረዱና ጀልባ ያዙ። ሆራ ደግሞ የእሬቻ በዓል የሚከበርበት ነው፤ በዓሉ እናንተ ስትመጡ ስላለፈ መንገዱ አይጨናነቅባችሁም። ጨለለቃ ጥልቀት የሌለው ረግረግ ነገር ነው። ወፍ ለሚወድ ሰው ግን ከሁሉም እሱ ይበልጣል።

ሁለት ነገር ልብ በሉ። ዋና ካማራችሁ በሆቴል ገንዳ ይሁን። ሐይቆቹ እንደ ባሕር ዳርቻ ቀስ እያሉ አይጠልቁም፤ ከዳሩ ሁለት ሦስት እርምጃ እንደሄድሽ እግርሽ መሬት ያጣል። ሁለተኛ፣ ከተማው ውስጥ የአየር ኃይል ግቢ አለ። አጥሩን፣ በሩን፣ የሚነሳውን አውሮፕላን ፎቶ አታንሱ። ጀርመናዊው ካሜራ የሚወዱ ከሆነ አስቀድመሽ ንገሪያቸው። ድሮን ደግሞ ያለ ፈቃድ ኤርፖርት ላይ ይያዝባቸዋል፤ እዚያው ቶሮንቶ ይቅር።

ኅዳር ሲገባ የአደዓ ጤፍ ማሳ ቢጫ ይሆናል። ለዚያ ብቻ ብላችሁ በአሮጌው መንገድ ቀስ ብላችሁ ንዱ።

መንገደኛዋ

እግዜር ይስጥልኝ እታለም። ስለ ምግቡስ? ህንዳዊቷ በያይነቱ ትወዳለች፣ ቶሮንቶ አብረን እንበላለን።

እታለም ከባቦጋያ

በያይነቱ በየምግብ ቤቱ የሚገኘው ረቡዕና ዓርብ ነው። እናንተ የምትወጡት ቅዳሜና እሁድ ስለሆነ ትንንሽ ከተሞች ላይ ጥብስና ክትፎ እንጂ የጾም ላይኖር ይችላል። ሽሮ አይጠፋም። ግን ቅቤም የማትበላ ከሆነ «ቅቤ የሌለው፣ በዘይት የተሠራ» ብለሽ እዘዢ፤ ፍስክ ቀን ቅቤ ጣል ይደረግበታል። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ይገባል፣ ከዚያ በኋላ ችግር የለም። ቢሾፍቱ ላይ ግን ሁሉም አለ።

ድንጋይ ወዳድ

ለጀርመናዊው አባት የምሟገተው እኔ ነኝ። የዓለም ገናው መስመር በአንድ ቀን ሁለት የዓለም ቅርስ ያሳያችኋል። ብዙ የአዲስ አበባ ሰው ራሱ ይህን አያውቅም።

መጀመሪያ መልካ ቁንጥሬ ታገኛላችሁ፤ ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ አዋሽ ወንዝ ዳር። በ2024 እ.ኤ.አ. ከባልጪት ጋር በዩኔስኮ ተመዝግቧል። ባልጪት የጥንት ሰዎች ጥቁሩን ባልጩት ድንጋይ የሚያወጡበት ሠፈር ነው። ሙዚየሙ ጎጆ የመሰሉ ክብ ክፍሎች ናቸው። ትንሽ ነው ብላችሁ አትለፉት። ወደ ሁለት ሚሊዮን ዓመት የሚጠጋ የሰው ልጅ ታሪክ አንድ ሸለቆ ውስጥ ነው ያለው። ጎምቦሬ በሚባለው ቦታ 700 ሺህ ዓመት ገደማ የሆነው የእግር ዱካ ተገኝቷል፤ ከዱካዎቹ ውስጥ የሕፃናት አሉበት። አስጎብኚውን እሱን እንዲነግራችሁ ጠይቁት።

ቀጥሎ ዋናውን መንገድ ለቃችሁ ወደ ቀኝ፣ አዳዲ ማርያም። እንደ ላሊበላ ከአለት የተፈለፈለች ናት፤ ትውፊቱም ከንጉሥ ላሊበላ ጋር ያያይዛታል። ስትደርሱ ጣሪያዋ ከመሬቱ እኩል ስለሆነ መጀመሪያ ቤተ ክርስቲያን አይመስላችሁም። ወደ ታች ስትወርዱ ነው ግድግዳው ብቅ የሚለው። አሁንም ይቀደስባታል፣ ስለዚህ ቅዳሴ ካለ ውጭ ጠብቁ። ነጠላ ያዢ፣ ለህንዳዊቷም አንድ ጨምሪ። ጫማ ይወልቃል፤ ወፍራም ካልሲ አድርጉ፣ ቁንጫ እንግዳ ትወዳለች። ስልክሽ ላይ ያለው መብራትም ይጠቅማል፣ ውስጡ ጨለማ ነው።

መጨረሻ ላይ ጢያ። በ1980 እ.ኤ.አ. ነው የተመዘገበው። 36 ትክል ድንጋዮች አሉ፣ 32ቱ የተቀረጹ ናቸው። ሰይፍ፣ ክብ፣ ቅርንጫፍ የመሰለ ምልክት ታያላችሁ። የምልክቶቹ ትርጉም እስከ ዛሬ በቅጡ አልተፈታም። ስለዚህ አስጎብኚው ሁሉንም ተንትኖ ከነገራችሁ በፈገግታ ስሙት። ድንጋዮቹ ሥር መቃብር ነው፣ ከተቀበሩት ብዙዎቹ ወጣቶች ነበሩ። ከሰዓት በኋላ ብርሃኑ ጎን ለጎን ሲመታው ቅርጹ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ጢያን መጨረሻ ያደረግኩት ለዚህም ነው።

ጋሽ ሾፌሩ (ቃሊቲ)

ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ ቅደም ተከተሉ ግን አልተመቸኝም። ጢያን መጨረሻ ካደረጋችሁት ከሩቁ ጫፍ ተነስታችሁ ነው በምሽት የምትመለሱት። እኔ ብሆን ጠዋት 12 ሰዓት ከዱከም ተነስቼ፣ በቱሉ ዲምቱና በቃሊቲ ቀለበት መንገዱን ይዤ ዓለም ገና እወጣለሁ፤ ቀጥታ ጢያ እሄድና ከዚያ አዳዲንና መልካ ቁንጥሬን እያየሁ እመለሳለሁ። የጠዋትም ብርሃን ጎን ለጎን ነው የሚመታው።

ድንጋይ ወዳድ

😄 ተሸነፍኩ ጋሼ።

ለገጣፎ ነዋሪ

ወንጪን ለምን ትሰርዙባታላችሁ? በ2021 እ.ኤ.አ. በዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ተብሏል። ከሐይቁ በላይ ገደሉ ላይ ቆመሽ ስታዪው ስዊዘርላንድ ምን ይሠራል ትያለሽ።

ጋሽ ሾፌሩ (ቃሊቲ)

ወንጪ አያምርም አላልኩም። ከዱከም ደርሶ መልስ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። እዚያ ካላደሩ መኪና ውስጥ መዋል ነው። ለማደር ደግሞ የመሥሪያ ቤቷ የጸጥታ ሰው መፍቀድ አለበት። ለደብረ ሊባኖስም እንደዚያው። ገዳሙ፣ ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ፣ የጀማ ገደል፣ ሁሉም ልብ ይሰርቃሉ። ነገር ግን ወደዚያ በሚወስደው በፍቼ መስመር የአንድ ወር በኋላውን ጸጥታ ዛሬ ቁጭ ብዬ ገምቼ «ሂጂ» አልልሽም። ከመውጣታችሁ አንድ ቀን ቀድመሽ በዚያ መስመር ከሚሠሩ ሾፌሮች ጠይቂ። እነሱ ካመነቱ አንቺም ቅሪ።

መንገደኛዋ

ገብቶኛል ጋሼ፣ ሁለቱን ትቻቸዋለሁ። ራሴ መንዳቱስ? ቶሮንቶ በረዶ ላይ ነው የምነዳው።

የዱከም ልጅ

በረዶው ባጃጅ የለውም 😂

ጋሽ ሾፌሩ (ቃሊቲ)

ከነሹፌሩ ተከራዪ። ችሎታሽን ተጠራጥሬ አይደለም። አደጋ ቢደርስ፣ እንግዳ ሆነሽ ትራፊክ ፖሊስና ኢንሹራንስ ጋር መመላለሱ የሥራ ቀናትሽን ይበላል። የግድ ካልሽ፣ በውጭ መንጃ ፈቃድ መንዳት መቻል አለመቻልሽን ከአከራዩ በጽሑፍ አግኚ።

ውል ስትፈርሚ የምትጠይቂው ይህን ነው፦ ነዳጅ በማን ነው? የኪሎ ሜትር ገደብ አለው? የሹፌር አበልና ምሳ ተካቷል? ኢንሹራንሱ ሙሉ ነው ወይስ የሦስተኛ ወገን ብቻ? ደረሰኝስ ይቆረጣል? መሥሪያ ቤትሽ ይጠይቅሻል። «የወንድሜ መኪና አለች፣ በቅናሽ ትውሰዱ» የሚል ሰው ይመጣል። ኮድ 2 የግል ሰሌዳ ከሆነች እምቢ በይ። ለግል አገልግሎት ኢንሹራንስ የተገባላት መኪና ተከራይታ ብትጋጭ ካሳው ላይ ጭቅጭቅ ይነሳል።

ሰዓት ደግሞ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። ሹፌሩ «12 ሰዓት እመጣለሁ» ካለሽ ገና ሊነጋ ሲል ነው፣ እኩለ ቀን እንዳይመስልሽ።

ቻርጀር ፈላጊ

አንድ ልጨምር። ብዙ አከራይ አሁን ኤሌክትሪክ መኪና ነው የሚያቀርበው። ለቢሾፍቱና ለእንጦጦ ግሩም ነው። ለጢያ ግን አዳዲ ድረስ ያለው ኮረኮንችም አለ፣ ቻርጅ ማድረጊያም እንደልብ አይገኝም። ለዚያ ቀን ከፍ ያለ የናፍጣ መኪና ጠይቂ። ሰልፍ እንዳይገጥማችሁ ሹፌሩ ነዳጅ ዓርብ ማታ ይቅዳ። የነዳጁ ክፍያ በቴሌብር ወይም በባንክ አፕ ነው፣ ለእሱ ጥሬ ገንዘብ ይዘሽ አትሂጂ።

የዱከም ልጅ

ከአዲስ አበባ አዳማ የሚወስደውን ፈጣን መንገድ ከያዛችሁ ስትገቡ ካርድ ይሰጧችኋል፣ ስትወጡ ትከፍላላችሁ። ካርዷን አትጣሉ! በቴሌብርም ይከፈላል። ባጃጅና ጋሪ ስለማይገባበት ሰው ሁሉ መብረር ይወዳል፤ ግን የላይኛው ወሰን በሰዓት 120 ነው፣ ፍጥነት የሚለካ ፖሊስም አለ። የዝቋላ ተራራ ደግሞ ከሆቴላችሁ ስለሚታይ «እንውጣ» ማለታችሁ አይቀርም። ከፍታው 2,989 ሜትር ነው፣ ጫፉ ላይ ሐይቅና የአቦ ገዳም አለ። የጥቅምት 5 ንግሥ ካለፈ በኋላ መንገደኛ ስለሚቀንስ መንገዱን የሚያውቅ ሰውና ፎር ዊል መኪና ከሌላችሁ ከታች እያያችሁ እለፉት።

ሰበታዬ

ለአንድ እሁድ መናገሻ ሱባን አስቡት። የጽድ ዛፎቹን ስታዪ አንገትሽ ይደክማል። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ ዘር አስመጥተው አስተከሉት ይባላል። ጉሬዛ ታያላችሁ፣ ዕድል ካለ የምኒልክ ድኩላም። ከሰበታ የሚገባው መንገድ ጥሩ አይደለም፣ ለጸጥታውም እንደ ሌላው ቀድመሽ ጠይቂ። ምግብና ውኃ ይዛችሁ ግቡ፣ ውስጥ የሚሸጥ የለም ብላችሁ ውሰዱት።

መንገደኛዋ

እንግዲህ እንዲህ ላድርገው፦ የመጀመሪያው ቅዳሜ ቢሾፍቱ፣ እሁድ እረፍት። በሁለተኛው ጢያ፣ አዳዲና መልካ ቁንጥሬ በጋሼ ቅደም ተከተል። በሦስተኛው ሱባ፣ መንገዱ ሰላም ከሆነ። በአራተኛው እሁድ እንጦጦ። ይበቃል?

ጋሽ ሾፌሩ (ቃሊቲ)

ይበቃል ልጄ። እንጦጦን እሁድ በጠዋት አድርጊው፣ ከተማው ገና ሳይነቃ ትሻገሪያለሽ። ኅዳር ውስጥ ግን ታላቁ ሩጫ ያለበት እሁድ እንዳይሆን ቀኑን አረጋግጪ፣ የመሃል ከተማ መንገዶች ይዘጋሉ። ቦታው ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ሹራብ ያዙ፣ ሽማግሌው ዳገቱን በእግር አይሞክሩት። ፓርኩ ውስጥ ቀኑን ሙሉ መዋል ይቻላል፣ እናንተ ግን ማርያም ቤተ ክርስቲያንንና የምኒልክን ቤተ መንግሥት አይታችሁ ከምሳ በኋላ ውረዱ። ሰኞ ሥራ አላችሁ።